ከርነል ሲቀየር የሚጠፋው ዋይፋይ

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ 22.04 ላይ የሪልቴክ 8812ኤዩ ዩኤስቢ ዋይፋይ እጠቀማለሁ። ድራይቨሩን ከሶርስ ኮዱ ራሴ ኮምፓይል አድርጌ በከርነል (የሲስተሙ እምብርት) 5.15 ይሠራ ነበር። ከርነሉ 6.8 ከሆነ ወዲህ ዋይፋዩ ጠፋ፤ እንደገና ኮምፓይል ሳደርግም ስህተት ያወጣል።

መልስ፦ ዕቃው አልተበላሸም። በ«ሜክ ኢንስቶል» ትእዛዝ የጫኑት ሞጁል (ኮምፓይል የተደረገው ድራይቨር) የገባው በ5.15 ፎልደር ውስጥ ብቻ ነው፤ 6.8 የራሱ ፎልደር ስላለው አያየውም። ስለዚህ ሥራውን፣ ከርነል በተቀየረ ቁጥር ሞጁሉን በራሱ እንደገና ለሚሠራው ለዲኬኤምኤስ ይስጡት።

ኢንተርኔት ለማግኘት ስልክዎን በኬብል አገናኝተው ዩኤስቢ ቴዘሪንግ ያብሩ። ቢልድ-ኢሴንሻል፣ ዲኬኤምኤስ፣ ጂሲሲ-12 (ኮዱን ኮምፓይል የሚያደርገው ፕሮግራም) እና የከርነሉን ሄደር (ሞጁል ለመሥራት የሚያስፈልጉትን የከርነሉን ፋይሎች) ይጫኑ። የሄደሩ ቁጥር «ዩኔም -አር» የሚለው ትእዛዝ ከሚያሳየው የከርነል ቁጥር ጋር ሙሉ በሙሉ መግጠም አለበት። ጂሲሲ-12ን አይዝለሉት፦ 22.04 ይዞት የሚመጣው 11ን ሲሆን፣ 11 የማያውቀውን አማራጭ አዲሱ ከርነል ይጠይቃል። «አንሪኮግናይዝድ ኮማንድ-ላይን ኦፕሽን» የሚለው ስህተት ከዚህ ይመጣል።

ስህተቱ «ፒዲኢ ዳታ»ን የሚጠቅስ ከሆነ ግን ችግሩ ሶርሱ ላይ ነው። ከ5.17 ጀምሮ የዚህ ፈንክሽን ስም ከትልልቅ የላቲን ፊደላት ወደ ትንንሽ ተቀይሯል። እስከ 6.8 ድረስ የተቀየረው ይህ ብቻ ስላልሆነ፣ 6.8ን በስም የሚጠቅስ ፓች (ሶርሱን የሚያስተካክል ፋይል) ይፈልጉ። ሶርስ ፎልደሩ ውስጥ ገብተው «ፓች -ፒ1»ን መጀመሪያ ከ«--ድራይ-ራን» ጋር ያስኪዱ፤ ፋይል ሳይነካ ይገባ አይገባ እንደሆነ ይነግርዎታል። «ፌይልድ» ካለ ፓቹ የተጻፈው ለሌላ የሶርስ ስሪት ነውና በግድ አያስገቡት። ግማሹ የገባ ፓች ኋላ ላይ ምንጩ የማይገኝ ስህተት ያመጣል።

ከዚያ ፎልደሩን ወደ «/ዩኤስአር/ኤስአርሲ» ይቅዱ። የፎልደሩ ስም በ«ዲኬኤምኤስ ኮንፍ» ፋይል ውስጥ ካለው ስምና ስሪት ጋር፣ በመሃል አንድ ሰረዝ ተደርጎ፣ መግጠም አለበት። እዚያው ፋይል ውስጥ «አውቶኢንስቶል» «የስ» መሆኑን ይዩ፤ ካልሆነ በሚቀጥለው ከርነል ያው ችግር ይመለሳል። ቀጥሎ የዲኬኤምኤስ ትእዛዞቹን «አድ»፣ «ቢልድ»፣ «ኢንስቶል» በዚህ ቅደም ተከተል ያስኪዱ።

ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ሞጁል እንዳይነሳ የሚከለክለው ጥበቃ) የበራ ከሆነ የይለፍ ቃል ያስመርጥዎታል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ላይ በ10 ሰከንድ ውስጥ ማንኛውንም ቁልፍ ይጫኑና «ኢንሮል ሞክ»ን ይምረጡ። ካመለጠዎት ሞጁሉ የተፈረመበት ዲጂታል ቁልፍ (ሞክ) አይመዘገብም፤ ሞጁሉም «ኪ ዋዝ ሪጀክትድ» ብሎ አይነሳም።

ከከርነል 6.13 ጀምሮ የዚህ ቺፕ ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ ተካቷል። እዚያ ሲደርሱ ሁለቱ እንዳይጋጩ የዲኬኤምኤሱን ያስወግዱ።