የደሴቱ አለቃም ሩሲያዊው ኮሳክም የሆነው ተዋናይ

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1933 የተሠራውን «ኪንግ ኮንግ» ከልጆቼ ጋር ስንመለከት የደሴቱ ነዋሪዎች አለቃ ሆኖ የሚሠራው ግዙፍ ሰው ትኩረታችንን ሳበው። ተዋናዩ ማን ነው? በሌላ ፊልም ሩሲያዊ ሆኖ ሠርቷል የሚባለውስ እውነት ነው? እውነት ከሆነ፣ እንዲህ ያለ ሰው ዝነኛ ሳይሆን የቀረው ለምንድን ነው? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ተዋናዩ ኖብል ጆንሰን ይባላል። በ1881 በሚዙሪ ግዛት የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን፣ ያደገው ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ነው፤ በኋላ በድምፅ አልባ ፊልሞች ገናና የሆነው ሎን ቼኒም የልጅነት ጓደኛው ነበር። አባቱ የፈረስ አሠልጣኝ ስለነበሩ ከፈረስ ጋር ያደገው ጆንሰን፣ ወደ ፊልም ሥራ የገባው ሉቢን የተባለ ኩባንያ ኮሎራዶ ውስጥ በሠራው የካውቦይ ፊልም ቀይ ሕንድ ሆኖ በመሥራት ነው።

ሩሲያዊ ሆኖ መሥራቱም እውነት ነው። በ1932 በወጣው «ዘ ሞስት ዴንጀረስ ጌም» ኢቫን የተባለውን ኮሳክ (በፈረሰኛ ተዋጊነታቸው ከሚታወቁት የሩሲያ ማኅበረሰቦች የአንዱ ሰው) ሆኖ የሚሠራው እርሱ ነው። መርከቡ የሰጠመበት እንግዳ ወደ ግቢው ሲገባ ከበሩ ጀርባ ቆሞ የሚጠብቀው ያ ባለ ጢም አሽከር፣ ዲዳ በመሆኑ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ነጮች ፊታቸውን አጥቁረው የጥቁር ሰው ሚና በሚይዙበት ዘመን ጥቁር ተዋናይ ነጭ ሆኖ መቅረቡ ብርቅ ነበር። ቀይ ዳማ መልኩና የጥቁርና ነጭ ፊልም ጠባይ ስለረዱት በ«ዘ ሲፍ ኦቭ ባግዳድ» (1924) የሕንድ ልዑል፣ በ«ዘ ማሚ» (1932) ኑቢያዊ አገልጋይ፣ በ«ሺ ዎር ኤ የሎ ሪበን» (1949) ደግሞ የቀይ ሕንዶች አለቃ ሆኗል። አለቃ ይሁን አገልጋይ፣ ብዙውን ጊዜ ገጸ ባሕርዩ የራሱ ስም እንኳ አልነበረውም።

ዝነኛ ያልሆነበትን ምክንያት ግን በእኛ አስተያየት ከዚህ ይልቅ በ1916 በተመሠረተው ሊንከን የፊልም ኩባንያ ታሪክ ውስጥ መፈለግ ይሻላል። ኩባንያውን ያቋቋመው ራሱ ጆንሰን ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ሲሆን፣ በኦማሃ የፖስታ ቤት ሠራተኛ የነበረው ወንድሙ ጆርጅ የፊልሞቹን ሥርጭት ይመራ ነበር። ዓላማቸው የሆሊውድ ፊልሞች መሳለቂያ ያደረጓቸውን ጥቁር አሜሪካውያን እንደ ማንኛውም ሰው የሚሠሩ፣ የሚያፈቅሩና የሚዋጉ አድርጎ ማሳየት ነበር፤ በመጀመሪያ ፊልማቸው ጆንሰን የሠራው ሥራ ፍለጋ ከቤቱ የሚወጣ የተማረ ወጣት ሆኖ ነው። ይሁን እንጂ እንጀራው የነበረው ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ዘንድ ነው። የጥቁሮች ሲኒማ ቤቶች የሊንከንን ፊልሞች በእርሱ ስምና ፎቶግራፍ ሲያስተዋውቁ ተመልካቹ የዩኒቨርሳልን ፊልም ትቶ ወደ እነርሱ ይሄድ ስለነበር፣ ስቱዲዮው ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ አስገደደው። ጆንሰንም በ1918 ኩባንያውን ለቀቀ፤ ኩባንያውም በ1921 ሥራውን አቆመ። መሪ ተዋናይ ሆኖ፣ ያውም ወገኖቹን ወክሎ፣ የሠራባቸው እነዚያ ፊልሞች ዛሬ የሉም።

ጆንሰን በ1950 ገደማ ከሙያው ተሰናብቶ በ1978 በካሊፎርኒያ አረፈ። ኮሳኩን ማየት ከፈለጉ፣ «ዘ ሞስት ዴንጀረስ ጌም» አሜሪካ ውስጥ የባለቤትነት መብቱ ስላበቃ በይነመረብ ላይ በነፃ ይገኛል። ጫካው የሚያውቁት ጫካ ከመሰለዎት አልተሳሳቱም፤ ይህ ፊልምና «ኪንግ ኮንግ» በአንድ ስቱዲዮ፣ በዚያው የጫካ መድረክ የተቀረጹ ናቸው።