ነርስ ነኝ፤ እናቴ ኦፕራሲዮን ልትሆን ነው

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ የምሠራ ነርስ ነኝ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ለብዙ ዓመት የቆየ እንቅርት አለባት። አሁን ስትተኛ ትንፋሽ እያጠራት፣ ስትበላም እየያዛት ስለመጣ ሙሉ በሙሉ ይውጣ ተብሎ አዲስ አበባ ቀጠሮ ተይዞላታል። ግፊትና ስኳር ስላለባት ኤናላፕሪል፣ አምሎዲፒንና ሜትፎርሚን ትወስዳለች። ወንድሞቼ «አንቺ እያለሽ እኛ ምን እናውቃለን» ብለው ሁሉንም ለእኔ ትተውታል። ማታም አብሬያት የማድረው እኔ ነኝ። መድኃኒቷን ራሴ ብሰጣት፣ ቁስሏንም ራሴ ባጥብላት አይሻልም? እዚያ የሚሠሩ የትምህርት ቤት ጓደኞች ስላሉኝ ኦፕራሲዮን ክፍልም ላስገባሽ ብለውኛል። እውነቱን ልንገርዎ፣ የማውቀው ነገር ራሱ እንቅልፍ ነስቶኛል።

መልስ፦ ሲስተር፣ እግዜር ይማርልዎ።

በቀላሉ ከሚመለሰው ልጀምር። ኦፕራሲዮን ክፍል አይግቡ። ነገሩ በሰላም ካለቀ እዚያ ቆመው የሚሠሩት ሥራ የለም። ነገሩ ከከበደ ደግሞ የቡድኑ ግማሽ ዓይን እርስዎ ላይ ይሆናል። በእንቅርት ቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ቀጭን የድምፅ ነርቭ እየፈለገ ነው የሚሠራው፤ በዚያ ሰዓት ከኋላው የታካሚዋ ልጅ ቆማ ባትተነፍስበት ይሻላል። እስከ በሩ ድረስ ግን እጃቸውን ይዘው ይሂዱ። እዚያ ስማቸውን፣ የሚሠራላቸውን ነገርና አለርጂ እንዳለባቸው ይጠየቃሉ። «ካርዴ ላይ ተጽፎ የለም እንዴ? ሰው ሊያምታቱብኝ ነው?» ብለው እንዳይደነግጡ አስቀድመው ይንገሯቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደህንነት ዝርዝር እንዲህ ደጋግሞ መጠየቅን ግድ ይላል። ሰመመን ከመሰጠቱ በፊት፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት፣ ከክፍሉ ከመውጣታቸው በፊት፤ ሦስት ጊዜ ይቆማል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። ሆስፒታል ውስጥ እስካሉ ድረስ ከራስዎ ቦርሳ አንዲት ፍሬ እንኳ አይስጡ። ችሎታዎን ተጠራጥሬ አይደለም። እርስዎ የሰጡት ቻርት ላይ አይጻፍም፤ ያልተጻፈውን ደግሞ ተረኛዋ ነርስ አታውቅም። አንዲት ነርስ አባቷ ሌሊት ሲያቃስቱ ሰምታ ትራማዶል የተባለ ጠንካራ ማስታገሻ ሰጠቻቸው። የዋርዷ ነርስ ከአንድ ሰዓት በፊት ያንኑ በደም ሥር ሰጥታቸው ነበር። ሰውዬው እስከ ረፋድ አልነቁም። ተረኛው ሐኪም እንቅልፍ ይሁን ሌላ ነገር ለመለየት ሲሯሯጥ አረፈደ። ማስታገሻው ካልበቃ ተረኛዋን ይጥሩ፤ ካልመጣች እንደገና ይጥሩ። ቁስሉም እንደዚያው ነው። ፋሻውን የሚከፍተው ሐኪሙ ወይም እሱ ያዘዛት ነርስ ናት።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ግን ሙያዎ በደንብ ይጠቅማል። የሰመመን ባለሙያው ሲያያቸው ሦስቱንም መድኃኒቶች በእጅዎ ይዘው ይቅረቡ። አምሎዲፒኑ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ጠዋት በአንድ ጉንጭ ውሃ ይወሰዳል። ኤናላፕሪሉን ብዙ ባለሙያዎች 24 ሰዓት ቀድመው ያስቆማሉ፤ ከሰመመኑ ጋር ተደርቦ ግፊቱን ከልክ በታች ሊጥለው ይችላል። ሜትፎርሚን በባዶ ሆድ በሚውሉበት ቀን አይወሰድም። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ግን የሚያደነዝዛቸው ሰው ነው። ስኳር ስላለባቸው በዕለቱ መጀመሪያ እንዲገቡ ይጠይቁ። ይህ ነውር የለውም፤ እስከ ቀትር ባዶ ሆዳቸውን ተቀምጠው ስኳራቸው ቢወርድ ለማንም አይበጅም።

ሁለት ነገር ደግሞ ይጠይቁልኝ። የታይሮይድ (እንቅርት የሚሆነው የአንገት ዕጢ) ሆርሞናቸው ልክ መሆኑ ተረጋግጧል ወይ? የድምፅ አውታራቸውስ በመስታወት ወይም በካሜራ ታይቷል ወይ? ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። አንዱ ወገን ቀድሞውኑ የማይሠራ ከሆነ ግን ቀዶ ሐኪሙ ከመግባቱ በፊት ማወቅ አለበት።

ስለ ጾሙም ላንሳ። ምግብ ከሰመመኑ ቢያንስ 6 ሰዓት ቀድሞ ይቆማል፤ ቅባት ያለውና ሥጋ 8 ሰዓት ይፈልጋል። ንጹህ ውሃ ለሰመመኑ 2 ሰዓት እስኪቀረው ይፈቀዳል። ይህን የማነሳው በጸበሉ ምክንያት ነው። ጠዋት በማለዳ አንዷ አክስት በጆግ ጸበል ይዛ ትመጣለች፤ እናትም እምቢ አይሉም። እኔ ጸበል አልከለክልም፤ ቢረጩ፣ ቢቀቡም መልካም ነው። የሚጠጣ ከሆነ ግን ቀድሞ በልክ ይጠጣ፤ ሊገቡ ሲሉ አንድ ጆግ አይሆንም። አክስትየዋን ማሳመን የእርስዎ ፋንታ ነው። ሐኪም ቢናገራቸው «እምነት የለውም» ይላሉ።

አሁን ትልቁ ነገር። የመጀመሪያዋ ሌሊት።

እንቅርት በወጣበት ቦታ ላይ ደም ሊጠራቀም ይችላል። ከመቶ ሰው በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ የሚደርስ ነው፤ ሲደርስ ግን ፈጣን ነው። አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ይታያል። የሚያታልለው ነገር ፋሻው ደረቅ ሊሆን መቻሉ ነው። ደሙ ከውስጥ ነው የሚጠራቀመው፤ ደም የሚያወጣ ቱቦ (ድሬን) ቢኖርም ሊደፈን ይችላል። ስለዚህ ፋሻውን ብቻ አይመልከቱ። ጣትዎን በቀስታ ከፋሻው ጫፍ ላይ አድርገው አንገታቸው እየጠነከረ መሆኑን ይዩ። ማንኮራፋት የሚመስል ድምፅ ሲተነፍሱ ይሰሙ ይሆን? ምራቃቸውን መዋጥ አቅቷቸው ይተፋሉ? ከተጋደሙበት ድንገት ተነስተው ካልተቀመጥኩ ይላሉ? «አነቀኝ» ያለ ታካሚ ይታመናል።

አደራ፣ ጣት ላይ የምትሰካዋ መለኪያ 96 ስላለች አይዘናጉ። ኦክስጅን የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱን እንዳዩ ኮሪደር ላይ ጮኸው ተረኛ ሐኪም ያስጠሩ። መፍትሔው እዚያው አልጋ ላይ ስፌቱን ፈትቶ ደሙን ማስወጣት ነው፤ ለዚህ የሚሆን መቀስና የስፌት መፍቻ አልጋው አጠገብ እንዲቀመጥ ገና ከኦፕራሲዮን ክፍል ሲመለሱ በትህትና ይጠይቁ። «ሲስተር፣ የስፌት መፍቻ ሴቱ የት ነው የሚቀመጠው?» ማለት ማንንም አያስቀይምም። አልጋው ከራስጌ 30 ዲግሪ ከፍ ይበል።

ድምፃቸው ቢሻክር ግን ወዲያው አይደንግጡ። ጉሮሮ ውስጥ የገባው ቱቦ ራሱ ለጥቂት ቀን ያሻክራል። ውሃ ሲጠጡ ትን የሚላቸው ከሆነ፣ ወይም ድምፁ ጨርሶ ትንፋሽ ብቻ ከሆነ ያኔ ይንገሩ። ጠያቂውን ግን ይቆጣጠሩልኝ። «አንድ ቃል ብቻ ልስማ» እያለ የሚያስወራቸው ሰው አይጠፋም።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የሚመጣው ሌላ ነው። ከእንቅርቱ ጀርባ የተለጠፉት አራት ትንንሽ ዕጢዎች ካልሲየምን ይቆጣጠራሉ። በቀዶ ሕክምናው ሲነኩ ይደነግጣሉ፤ እንቅርቱ ሙሉ በሙሉ ከወጣላቸው ሰዎች ከአራት አንዱ ገደማ ለጊዜው ካልሲየሙ ይወርድበታል። ምልክቱን ያውቁታል፦ ከንፈር ዙሪያ መደንዘዝ፣ የጣት ጫፍ መውረር፣ ሲብስ እጅ እየተኮማተረ መጨበጥ። እናቶች ይህን «ብርድ ነው» ይሉታል። ጋቢ ይደርቡና ይተኛሉ። ስለዚህ «እንዴት ነሽ?» ብለው ብቻ አይጠይቋቸው፤ «ከንፈርሽን ይወርርሻል ወይ?» ይበሏቸው። ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላም ቢጀምራቸው አይቆይም፤ በዚያው ቀን ደም ይለካል።

አሁን ስለ እናትዎ ራሳቸው። ነርስ ልጅ ያላቸው ታካሚዎች ዝም ይላሉ። ሐኪሙ ሲጠይቃቸው ወደ ልጃቸው ያያሉ፤ ልጅም ትመልሳለች። በሕክምና ቋንቋ ስለምንግባባ ለእኛም ይመቸናል፤ ግን ጥሩ አይደለም። የፈቃድ ወረቀቱን የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። እርስዎ ባሉበት ሐኪሙ ለእሳቸው በአማርኛ ይንገራቸው፤ እርስዎ ጥቂት ዝም ይበሉ። ያን ጊዜ አብዛኛው ሰው እርስዎ ፈጽሞ ያልገመቱትን ነው የሚጠይቀው። «ድምፄ ይጠፋል ወይ? ቤተ ክርስቲያን እዘምራለሁ» ያሉ እናት አውቃለሁ። ልጃቸው ስትጨነቅ የከረመችው ስለ ስኳራቸው ነበር።

እንቅልፍዎን በተመለከተ፣ ወንድሞችዎን ሥራ ያስይዟቸው። ደም ከተጠየቀ የሚለግሱት እነሱ ናቸው፤ ከፋርማሲ የሚገዛውንም፣ ምሳ ማመላለሱንም እነሱ ይያዙት። የመጀመሪያዋን ሌሊት እርስዎ ያድሩ፤ ከላይ በነገርኩዎ ምክንያት ዓይንዎ ይፈለጋል። ሁለተኛዋን አንደኛው ወንድምዎ ይደር። የከንፈሩንና የጣቱን ነገር በአንድ ወረቀት ጽፈው ይስጡት፤ ለዚያ የነርስ ዲፕሎማ አያስፈልግም። ከሥራ ቦታዎም ፈቃድ ይውሰዱ። ደሴ የማታ ተረኛ ሆነው፣ በስልክ አዲስ አበባ ያለውን ዋርድ እየመሩ አይዘልቁትም። መጨነቅዎን ደግሞ አይፈሩት። እናቱ የምትቀደድበት ሰው ነርስም ሆነ ቀዶ ሐኪም ያው ይጨነቃል፤ እኛ እንኳ የራሳችንን ቤተሰብ አንቀድም።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። የወጣው እንቅርት ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም ሥጋው በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት፣ መሄድ አለበት። በአንዳንድ ቦታ ናሙናውን ወደ ላብራቶሪ የሚያደርሰው ቤተሰብ ነው። ፎርማሊን (ናሙናው እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ፈሳሽ) ውስጥ መሆኑን፣ ስማቸውና የካርድ ቁጥራቸው ዕቃው ላይ መጻፉን ያረጋግጡ፤ በአልኮል ወይም በሳላይን (ጨው ባለበት ውሃ) ከተቀመጠ ይበላሻል። ውጤቱንም የሚያመጣውን ሰው ከአሁኑ ይሰይሙ። ስፌቱ ሲድን ቤተሰቡ ወረቀቱን ይረሳዋል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ካንሰር የሚገኘው እዚያ ወረቀት ላይ ነው።

እንቅርቱ ሙሉ በሙሉ ስለሚወጣ የታይሮይድ ሆርሞንን የሚተካውን ሌቮታይሮክሲን ዕድሜ ልካቸውን ይወስዳሉ። በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ፣ ከቁርስም ከቡናም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ። ቡናው ላይ አይደራደሩ፤ መድኃኒቱን በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርገዋል። ካልሲየም ከታዘዘላቸው በመካከሉ 4 ሰዓት ይኑር። በጾም ወራት እስከ 9 ሰዓት ውሃም የማይቀምሱ ከሆነ መድኃኒቱን ከሚተዉት ማታ ይሁን፤ ከእራት 3 ሰዓት በኋላ፣ ሊተኙ ሲሉ። ይህን ለውጥ ለሐኪማቸው ነግረው ያድርጉት። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ቲኤስኤች (መጠኑ መብቃቱን የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይለካና የመድኃኒቱ መጠን ይስተካከላል። ለዚህ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት ላያስፈልጋቸው ይችላል፤ ምርመራው የሚሠራ ከሆነ ደሴ አስለክተው ውጤቱን ለሐኪማቸው ይላኩለት።