«ሁለቱም 7.62 ነው» አይበቃም

ጥያቄው የመጣው ከሐዋሳ ነው። ጠያቂው የቀድሞ የሠራዊት አባል ናቸው፤ አሁን ወደ ባሌ ለአደን የሚወጡ እንግዶችን ጠመንጃ ይይዛሉ፣ ያጸዳሉ። «ክላሽ ዓይኔን ጨፍኜ እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ። የእንግዶቹ የሲቪል ጠመንጃ ግን ግራ ያጋባኛል። አንዳንዱ ቁርጥ የወታደር ይመስላል። በምን ይለያል? 308 የተጻፈበትስ የእኛን 7.62 ጥይት ይበላል?» ብለዋል።

የሚያስቸኩለውን ላስቀድም፦ የክላሹን ጥይት አይበላም። የክላሽ ጥይት 7.62 በ39 ነው፤ 308 ደግሞ ከ7.62 በ51 ጋር ነው የሚዛመደው። የመጀመሪያው ቁጥር የበርሜሉ የውስጥ ስፋት፣ ሁለተኛው የቀለሁ (የባሩዱ መያዣ) ርዝመት ነው፤ ሁለቱም በሚሊሜትር። አጭሩና ቀጭኑ የክላሽ ቀለህ ጥይቱ የሚጎርስበትን ክፍል አይሞላውም። ቢተኮስ ይቀደድና ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል።

ወደ ልዩነቱ ስንመጣ፣ ቅርጹን ይተዉት። ጥቁር ፕላስቲክ ሰደፍና ረጅም ካዝና ልብስ ነው። ክላሽ ላይ መምረጫው ሦስት ቦታ እንዳለው ያውቃሉ፦ ላይ ዝግ፣ መሃል ተከታታይ፣ ታች ነጠላ። የሲቪሉ ሁለት ብቻ ነው ያለው፣ ዝግና ነጠላ። ተከታታይ የሚያስተኩሰው ክፍል ከፋብሪካው ጀምሮ አይገጠምለትም። የአሜሪካ ጦር ጠመንጃ ኤም 16 እና የኮልት ኩባንያ በ1964 እ.ኤ.አ. ለሲቪል ገበያ ያወጣው ኤአር 15 የሚለያዩትም በዚሁ ነው። የበርሜል ርዝመትም አለ፦ የኤም 16 አጭር ዓይነት የሆነው የኤም 4 በርሜል 368 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የአሜሪካ ሕግ ያለ ልዩ ምዝገባ ከ406 በታች ስለማይፈቅድ የሲቪሉ ረዘም ይላል። እርስዎ ጋ የሚደርሰው አብዛኛው ጠመንጃ ግን እንደ ድሮዎቹ ምንሽርና ዲሞፍተር ለእያንዳንዱ ጥይት በእጅ የሚቀባበል ነው።

ዋናው ጣጣ ያለው ጥይቱ የሚጎርስበት ክፍል ላይ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ጥንዶችን ይለዩ፤ አደጋቸው ተቃራኒ ነውና።

አንደኛው የሲቪሉ 223 እና የወታደሩ 5.56 በ45 ነው። ከውጭ አንድ ናቸው። የወታደሩ በርሜል ግን አረሩ (ከቀለሁ ተለይቶ የሚወረወረው ጫፍ) በርሜሉ ውስጥ ያለውን ጠመዝማዛ ቦይ ከመንከሱ በፊት ረዘም ያለ ባዶ ቦታ ይተውለታል፤ የሲቪሉ ያጥራል። ስለዚህ የወታደር 5.56 በ223 ጠመንጃ ሲተኮስ አረሩ ቶሎ ይነክስና ግፊቱ ይንራል። ምልክቱን ከቀለሁ ቂጥ ያነቡታል፦ ካፕሱሉ (መርፌው የሚመታው ክፍል) ጠፍጣፋ ይሆናል፣ የሚያብረቀርቅ ጭረት ይታያል፣ ማቀባበያውም ለመነሳት ያስቸግራል። ከእነዚህ አንዱን ካዩ በዚያ ጥይት መተኮሱን ያቁሙ። ተቃራኒው፣ ማለትም 223 በ5.56 ጠመንጃ፣ ችግር የለውም።

ሁለተኛው 308 እና 7.62 በ51 ነው። እዚህ የሚያሰጋው 308ን በወታደር ጠመንጃ መተኮስ ነው። ከማቀባበያው ፊት እስከ ቀለሁ ትከሻ ማረፊያ ያለው ልክ በሲቪሉ ከ41.40 እስከ 41.50 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የወታደሩ ግን አገልግሎት ላይ እያለ እስከ 41.80 ገደማ ይፈቀድለታል። የወታደር ቀለህ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ መለጠጡን ይችላል። ቀጭኑ የገበያ ቀለህ ግን ከቂጡ 1 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይሳሳል፣ አንዳንዴም ለሁለት ይከፈላል። የተተኮሰ ቀለህ ላይ እዚያው ዙሪያውን ብሩህ ቀለበት ካዩ መሳሳት መጀመሩ ነው። የወታደሩ 7.62 በ51 ግን ጤናማ በሆነ የ308 አደን ጠመንጃ ብዙ ጊዜ ያለ ችግር ይተኮሳል።

ይተኮሳል ማለት ግን ለአደን ይሆናል ማለት አይደለም። የ1899 እ.ኤ.አ. የሄግ መግለጫ ሰውነት ውስጥ በቀላሉ የሚሰፋ ወይም የሚጠፈጠፍ አረርን በጦርነት ስለከለከለ፣ የወታደር አረር እርሳሱ ሙሉ የብረት ልብስ ለብሶ ነው የሚሠራው። እንዲህ ያለው አጋዘኑን በስቶ ያልፍና እንስሳው ቆስሎ ጫካ ይገባል። የአደን አረር ጫፉ ላይ እርሳሱ የተገለጠ ነው፤ ሥጋ ውስጥ ይሰፋል። የአረር ዓይነት ሲቀየር የሚያርፍበት ቦታም ይቀየራልና እንግዳው ለአደን በሚይዘው ጥይት 100 ሜትር ላይ ይሞክር።

የጽዳቱ ነገር ደግሞ ለእርስዎ ሥራ ከሁሉም ይብሳል። በርካታ የድሮ የምሥራቅ አውሮፓ ጥይቶች ካፕሱላቸው ሲቃጠል ጨው ይተዋል። የክላሽ በርሜል ውስጡ በክሮም ስለተለበጠ ይታገሣል፤ የአደን ጠመንጃ አብዛኛውን ጊዜ ክሮም የለውም፣ በሐይቁ እርጥበት በማግስቱ ይዝጋል። ብዙ ሰው በነጭ ጋዝ ይወለውልና ጨረስኩ ይላል። ነጭ ጋዝም ዘይትም ጨው አያሟሙም፤ ውኃ ነው የሚያሟሟው። ካዝናውን ያውጡ፣ ያቀባብሉ፣ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። ማቀባበያውን ያውጡና ከኋላ በኩል አንድ ሊትር ያህል የፈላ ውኃ በማንቆርቆሪያ ያፍስሱበት። ጨርቁ ደርቆ እስኪወጣ ይወልውሉ፣ ከዚያ ቀጭን ዘይት ይቀቡ። የማቀባበያውን ፊትና መርፌውንም እንዲሁ ያድርጉ። ከመተኮሱ በፊት ዘይቱን በደረቅ ጨርቅ ማውጣት አይርሱ፤ ዘይት ያለበት በርሜል የመጀመሪያውን ጥይት ያስታል።

ጥይት አልቆ ከዘብ ለመዋስ ሲታሰብ፣ መሣሪያም ጥይትም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ እንደሚፈልጉ ያስታውሱ። ከማጉረስዎ በፊት በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን ከቀለሁ ቂጥ ወይም ከሳጥኑ ጽሑፍ ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። በክብ ውስጥ መስቀል ካዩ የኔቶ የወታደር ጥይት ነው። ቂጡ ላይ ጽሑፉ የጠፋበትን ጥይት ለብቻው አስቀምጠው ለእንግዳው አይስጡ።