«ሶፍትዌሩ ነፃ ከሆነ ለምን ያስከፍሉኛል?»

ጥያቄ፦

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዘዞ መጋዘን፣ አራዳ ደግሞ ሱቅ አለን። የምንሸጠው የግንባታ ዕቃ ነው፤ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቀለም። እናቴ ሃያ ዓመት በደብተር ስትሠራ ኖራ ዘንድሮ ለእኔ አስረከበችኝ። ዱቤው፣ መጋዘኑ፣ የስድስት ሠራተኛ ደመወዝ በየደብተሩ ተበታትኖ ስላስቸገረኝ ኦዱ የሚባለውን የሂሳብና የዕቃ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ለማስገባት አዲስ አበባ ያለ አንድ አማካሪ ድርጅት አነጋገርኩ። 850 ሺህ ብር ጠየቁኝ። 70 በመቶውን ቀድመሽ ክፈይ፣ ጥር ላይ ጀምረን በሁለት ወር እናስረክብሻለን ይላሉ። ወንድሜ ግን «ይሄ ሶፍትዌር ክፍት ነው፤ ማንም በነፃ ያወርደዋል፤ እየዘረፉሽ ነው» ይለኛል። እውነት እየተዘረፍኩ ነው? ምን ልጠንቀቅ? እንደ ታናሽ እህትዎ ቆጥረው ይምከሩኝ።

አንባቢዎ፣ ከአዘዞ

መልስ፦

እህቴ፣ የእናትሽን ሱቅ ተረክበሽ በደንብ ልያዘው ማለትሽ ደስ ብሎኛል። እኔም እዚሁ ጎንደር አንድ የእህል ነጋዴ ዘንድ አሥራ አንድ ዓመት ሂሳብ ሠርቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

የወንድምሽ ነገር ግማሹ ልክ ነው። ኦዱን የጀመሩት ቤልጂየሞች ናቸው፤ እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ኦፕን ኢአርፒ ይባል ነበር። ሁለት ዓይነት አለው። «ኮሚዩኒቲ» የሚባለው ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈቃድ ክፍያ የለውም። «ኢንተርፕራይዝ» የሚባለው ግን በተጠቃሚ ቁጥር ይከፈልበታል። የተሟላው የሂሳብ ክፍል ያለው እዚህኛው ውስጥ ነው። በነፃው መሥራት ከፈለግሽ ሌሎች ባለሙያዎች በነፃ የለቀቋቸውን ተጨማሪ ክፍሎች መግጠም ያስፈልጋል። ስለዚህ የትኛውን እንደሚያስገቡልሽ ጠይቂያቸው። የሚከፈልበትን ከሆነ የየዓመቱ ክፍያ 850 ሺው ውስጥ አለ ወይ? ህንዶች የሠሩት ኢአርፒኔክስት የሚባልም አለ፤ እሱ ሂሳቡም ጭምር ክፍት ነው። ለምን እንዳልመረጡት ያስረዱሽ።

ኮዱ ነፃ ቢሆንም ሥራው ነፃ አይደለም። የምትከፍዪው የእናትሽን ደብተር ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው ነው። ፌሮን ውሰጂ። ስትገዢ በኪሎ፣ ስትሸጪ በበርጋ ነው። የ12 ሚሊ ፌሮ አንድ ሜትሩ 0.888 ኪሎ ይመዝናል። 12 ሜትሩ በርጋ እንግዲህ 10.66 ኪሎ ገደማ ነው። ያልገባው ልጅ መጥቶ «አንድ በርጋ 10 ኪሎ» ብሎ ቢሞላልሽ፣ መጋዘንሽ ውስጥ 1,000 በርጋ እያለ ኮምፒውተሩ 1,066 ነው ይልሻል። ያን ጊዜ ምንም ያላጠፋውን መጋዘን ጠባቂ ሌባ ልታደርጊው ነው። ስለዚህ ከመዋዋልሽ በፊት ይሄንኑ የፌሮ ሂሳብ እንዴት እንደሚሞሉት ጠይቂያቸው። አዘዞ ድረስ መጥቶ መጋዘንሽን ሳያይ ዋጋ የሚሰጥሽን ሰው እኔ አላምነውም።

እኛ ዘንድ የሆነውን ስሚ። አሠሪዬ ለእንዲህ ያለ ሶፍትዌር ሙሉውን ቀድሞ ከፈለ። የአማካሪው ልጆች መጡ፣ ጫኑ፣ ሁለት ቀን አሠለጠኑን፣ ሄዱ። ሰርቨሩ፣ ማለትም መረጃችን የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ የተከራየው በእነሱ ስም ነበር። ዋናው የይለፍ ቃል ያለው አንድ ልጅ ጋ ብቻ። ከዓመት ከአራት ወር በኋላ ልጁ ሥራ ለቀቀ፤ የሰርቨሩ ኪራይም ሳይከፈል ቀረ። አንድ ሰኞ ጠዋት ስንከፍተው ምንም የለም። የማን ዱቤ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። ደረሰኙን ከየካርቶኑ አውጥተን የአሥራ ስድስት ወር ሂሳብ እንደ አዲስ መዘገብን። ሦስት ወር ፈጀብን። ሌሊቱን ሁሉ ዓይኔ እስኪያብጥ ሠርቻለሁ። ይሄ በማንም ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ስለዚህ ሰርቨሩም ዶሜይን የሚባለው የኢንተርኔት አድራሻውም በአንቺ ስም ይከራይ። ዋናው የይለፍ ቃል አንቺ ጋ ይኑር። ኦዱ መረጃውን የሚያስቀምጠው ፖስትግሬስ በሚባል ዳታቤዝ ነው። የእሱ ቅጂ በየሌሊቱ ይወሰድ፤ በሳምንት አንዴ ደግሞ በፍላሽ ቤትሽ ይግባ። ቅጂውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ጭነው ሲያስነሱት በዓይንሽ እዪ። እኛም ቅጂ አለ ተብለን ነበር። ለአንቺ ብለው የጻፉትን ኮድ እንደሚያስረክቡሽም ውሉ ላይ ይጻፍ። ደግሞ ብዙ አታስጽፊ። ኦዱ በየዓመቱ አዲስ እትም ያወጣል፤ ድጋፍ የሚሰጠውም ለመጨረሻዎቹ ሦስት ብቻ ነው። በልክሽ ያሰፋሽው ሁሉ እትሙ በተቀየረ ቁጥር እንደገና ብር ይጠይቅሻል።

70 በመቶ ቅድሚያ አትክፈይ። በየደረጃው ይሁን፤ ትልቁ ድርሻ ለመጨረሻ ይቆይ። መጨረሻ ማለት ደግሞ እነሱ «ጨርሰናል» ያሉበት ቀን አይደለም። የጎንደርን ቅዳሜ ታውቂዋለሽ። ከገጠር የመጣው ሁሉ ቆርቆሮና ሚስማር ሲል ሱቅሽ ይሞላል። አራት ቅዳሜ ደብተር ሳትገልጪ ሸጠሽ፣ ማታ ሳጥን ውስጥ ያለው ብርና ኮምፒውተሩ ከተስማሙ ያኔ ክፈይ። መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ እንዴት እንደምትሸጪም በዚያው ይታያል።

ጥር የሚሉትን ግን እምቢ በያቸው። በጋ ሰው ቤት የሚሠራበት፣ አንቺም ቀና ብለሽ የማታዪበት ጊዜ ነው። ክረምት ሲገባ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ የበጀት ዓመቱም ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሰኔ መጨረሻ መጋዘኑን ዘግታችሁ ቁጠሩ፣ ሐምሌ 1 በአዲሱ ጀምሩ። በፈረንጅ አቆጣጠር ጁላይ 8 መሆኑ ነው፤ ኦዱ ላይ የበጀት ዓመቱን መዝጊያ ቀን መቀየር ይቻላል። የወሩን ሪፖርት ግን አሠርተሽ እዪው። ሶፍትዌሩ በጁላይና በኦገስት ሲቆርጥ የአንቺ ሂሳብ በሐምሌና በነሐሴ ነው። የ15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከሠራተኛ 7 ከአሠሪ 11 በመቶ የሆነውን ጡረታ በራስሽ የአንድ ወር ሂሳብ ያሳዩሽ። በተዘጋጀ ናሙና አይሁን። ዝም ብሎ ከኦዱ የታተመ ወረቀትም ለገቢዎች ደረሰኝ አይሆንም። ሽያጩን ሁለቴ እንዳትመዘግቢ ከደረሰኝ ማሽንሽ ጋር እንዴት እንደሚያገናኙት በጽሑፍ ይመልሱልሽ።

አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከዩኒቨርሲቲያችን ኮምፒውተር ተምሮ የወጣ አንድ ልጅ ቅጠሪና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አጠገባቸው ይቀመጥ። እነሱ ሲሄዱ የሚቀርልሽ እሱ ነው።

እናትሽን ደግሞ አትርሺ። የዱቤ ደብተሯ ላይ «ባለጋሪው»፣ «የማራኪው አናጢ» ተብሎ የተጻፈው ማን እንደሆነ ከእሷ ሌላ የሚያውቅ የለም። ቡና አፍልተሽ አጠገቧ ተቀመጪ፤ የእያንዳንዱን ሙሉ ስም፣ ስልክና ቀሪ ዕዳ አንድ በአንድ ጻፊ። ለዚህ አማካሪ መጠበቅ አያስፈልግሽም። በዚህ ሳምንት ጀምሪው።