መልስ፦ እንግሊዝኛዬ ገና ነው፤ የአመራር ስልጠና ልግባ ወይ?

እህቴ፣ «ሲያትል ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እንግሊዝኛዬ ገና ነው። ለስደተኞች የሚሰጠው የአመራርና የማኅበረሰብ ማደራጀት ስልጠና ይጠቅመኛል?» ብለሽ ጠይቀሻል። በጣም ይጠቅምሻል፤ ግቢበት።

እዚያው ከተማሽ ዋን አሜሪካ የሚባል የስደተኞች መብት ድርጅት አለልሽ። ከመስከረም 2001 (እ.ኤ.አ.) ጥቃት በኋላ የመሠረተችው ፕራሚላ ጃያፓል ናት። እሷም ከህንድ የመጣች ስደተኛ ናት፤ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ለአሜሪካ ኮንግረስ ተመረጠች።

ስልጠናው ንግግር ማሳመር ብቻ እንዳይመስልሽ። ዋናው ማዳመጥ ነው። ከአንድ ሰው ጋር ለብቻ ቁጭ ብለሽ ምን እንቅልፍ እንደነሳው ትጠይቂያለሽ። የቤት ኪራይ ይሆናል፣ የልጁ ትምህርት ቤት ይሆናል። ከዚያ ያው ችግር ያለባቸውን ታገናኛለሽ። የመፍታት ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ ለይታችሁ አብራችሁ ትሄዳላችሁ። ቡና አፍልቶ ጎረቤት የሚጠራ፣ እድር ውስጥ ያደገ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። የእኛ ሰው ይህን እንደ ችሎታ አለመቁጠሩ ያሳዝነኛል። የሚጎድለን የከተማው ምክር ቤት አሠራር ነው፦ በጀት መቼ እንደሚወሰን፣ አስተያየት ለመስጠት እንዴት እንደሚመዘገቡ። የሚሰጡሽ ደቂቃዎች ጥቂት ስለሆኑ ታሪክሽን አሳጥሮ መናገርም ትለማመጃለሽ።

ከመመዝገብሽ በፊት አስተርጓሚና ልጅ የሚይዝ ሰው እንዳላቸው ጠይቂ። አስተርጓሚ የለም ካሉሽ፣ ሌላ አማርኛ ተናጋሪ ይዘሽ ሁለት ሆናችሁ ጠይቋቸው።