በጠጠር የተሸፈነ ግቢን በአገር በቀል ተክሎች ስለመተካት

ከደሴ የጠየቁን አባል፣ ቤት ሲሠራ ገረጋንቲ የፈሰሰበትን የግቢዎን ክፍል ዓመት ከዓመት በሚቆዩ አገር በቀል ተክሎች ለመሸፈን አስበው፣ ድንጋዩን በሙሉ አስወጥተው ጥቁር አፈር በመኪና ማስመጣት ይኖርብዎ እንደሆነ ጠይቀዋል። በጦሳ ተራራ ግርጌ እንዲሁ ያለ ግቢ የቀየርኩ ሰው እንደመሆኔ፣ መልሴ ሁለቱም አያስፈልጉም የሚል ነው።

ችግሩ ያለው ከድንጋዩ በታች ነው፤ በመኪና ጎማና በሠራተኛ እግር ተረግጦ የጠጠረ አፈር ውኃም ሥርም አያሳልፍም። ስለዚህ አስቀድመው በዲጂኖ አንድ ክንድ ያህል ጉድጓድ ቆፍረው ውኃ ይሙሉበት፤ በማግስቱ ውኃው እንደቆመ ካገኙት፣ የጠጠረውን አፈር ሰብረው መውጫ ሳያበጁለት ምንም አይትከሉ። የሲሚንቶና የኖራ ቅሪት ካጋጠመዎ ግን እሱን ጠርገው ያውጡት።

ገረጋንቲውን ሲያነሡ ነጭ፣ አንጓ አንጓ ያለው የሰርዶ ሥር በድንጋዮቹ መካከል ተጠላልፎ ያገኛሉ። በአካፋ ከተቆራረጠ እያንዳንዱ አንጓ ራሱን ችሎ ስለሚበቅል፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ በእጅ እየሳቡ ለቅመው በፀሐይ ያድርቁት። እጅግ አሰልቺ ሥራ ነው፤ አቋራጭ አለው የሚል ሰው ካለ እኔም ብሰማው ደስ ይለኛል።

ትልልቁ ድንጋይ ለካብ ይሁን፤ ለወሎ ሰው እርከን መካብን ማስረዳት አያስፈልግም። ደቃቁን ጠጠር ከላላው አፈርና ከጥቂት የበሰበሰ ፍግ ጋር ይቀላቅሉት። ጦስኝ በደጋ ድንጋያማ ተረተር የሚበቅል ተክል በመሆኑ፣ ፍግ ሲበዛበት ያለልክ ይለመልምና በክረምቱ ዝናብ ይበሰብሳል፤ ከግንዱ ሥር ጠጠር ቢነጠፍለት ግን ውኃው ቶሎ ስለሚሸሽለት ይስማማዋል። እሬትም እንደዚሁ ነው። በካቡ ጠርዝ ላይ፣ ስፌት የሚሰፉ እናቶች የሚያውቁትን የአክርማ ሣር ከነሥሩ ገምሰው ቢተክሉ አፈሩን አጥብቆ ይይዝልዎታል። ኮሰረትና ዳማከሴ ጥልቀት ያለው ለም አፈር ስለሚሹ፣ ከውርጭም እንዲጠበቁ፣ ጠጠር በሌለበት የግድግዳ ጥግ ይሁኑ፤ ሁለቱም ከቅርንጫፍ ቁራጭ ይይዛሉ። ቀጋ አበባው ቢያምርም እሾሃም ነውና ለአጥር ይተዉት። ይህን ለሚያነቡ የኮምቦልቻ ሰዎች ጦስኝን አልመክርም፤ ሙቀቱ አይስማማውም።

ጦስኙን ከተራራ ነቅለው እንዳያመጡ አደራ እላለሁ፤ ከነሥሩ እየተነቀለ ከየጋራው መመናመኑ ሳያንስ፣ የተነቀለው አብዛኛው አይጸድቅም። በግቢው ውስጥ ጦስኝ ካለው ሰው ሥር የሰደደ ዘለላ መለመን ይሻላል።

የበልግ ዝናብ አስተማማኝ ስላልሆነ፣ አፈሩ በሚገባ ከራሰ በኋላ በሐምሌ መጀመሪያ ላይ ይትከሉ። ከጥቅምት ጀምሮ ባለው የመጀመሪያው በጋ ሁሉንም በየሳምንቱ አርክተው ያጠጡ፤ ከዚያ በኋላ ጦስኝና እሬት ብዙም አያስቸግሩዎትም፣ ዳማከሴ ግን በየበጋው ውኃ ይፈልጋል።