ሣጥኑን ከቅጥሩ ውጭ አድርጊው

እህቴ፣ ለገና ልጆችሽን ይዘሽ ከውጭ ልትመጪ ነው። ደሴ አጠገብ ባለው፣ ባደግሽበት የቦሩ ሥላሴ ቤተክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ጂኦካሽ መደበቅ ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ይህንኑ ሞክሬ ስለነበር የሆነውን ልንገርሽ።

ለማያውቁት፦ ጂኦካሺንግ በጂፒኤስ የሚጫወቱት የፍለጋ ጨዋታ ነው። አንዱ ትንሽ ዕቃ (ጂኦካሽ የሚባለው ይህ ነው) ይደብቅና መገኛውን በቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ሌላው በስልኩ እየተመራ ያገኘዋል፤ ውስጡ ባለው ደብተር ስሙን ጽፎ እዚያው ይመልሰዋል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ አሜሪካ ለሲቪሎች የሚደርሰውን ጂፒኤስ ሆን ብላ ታዛባበት የነበረውን ነገር ባነሳች ማግስት።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከኮምቦልቻ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ በማርያም ግቢ፣ ወይራው ሥር ነው። በ2015 ዓ.ም. የገዛ እህቴን ልጆች ይዤ ሄድኩና አንድ አረንጓዴ የብረት ሣጥን ካቡ ውስጥ ወሸቅኩ። ማንንም አላስፈቀድኩም። ያደግኩባት ደብር ናት፣ ማን ምን ይለኛል ብዬ ነው።

በሳምንቱ እረኞች አዩት። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ከደረሰ ወዲህ ልጆቹ የማያውቁትን ብረት እንዳይነኩ ተመክረዋል። ሮጠው ለገበዙ ነገሩ። ገበዙም ሰዉን አርቀው ሚሊሻ አስጠሩ። አጎቴ ሲደውልልኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። ሄጄ በሰው ሁሉ ፊት ከፈትኩት፤ ደብተር፣ እርሳስና ሁለት ብይ። ገበዙ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ብትነግረኝ እኔው ቦታ አሳይህ አልነበር?» ነው ያሉኝ። ከቁጣ በላይ እሱ አመመኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ ገበዙን፣ ከዚያ ሰበካ ጉባኤውን አነጋግሪ። በስልክ አይሆንም፤ የሚያውቁሽ አንድ ትልቅ ሰው ይዘሽ ሂጂ። ቢፈቅዱልሽም ሣጥኑን ግቢ ውስጥ አታድርጊው። እኔ አሁን ያደረግኩት እንዲህ ነው፦ ፈላጊው መጀመሪያ ቤተክርስቲያኗ ጋ ይደርሳል። የተንጠለጠሉትን የድንጋይ ደወሎች ይቆጥራል፣ የበሩን ደረጃዎች ይቆጥራል። ከቁጥሮቹ የሁለተኛውን ቦታ መገኛ ያወጣል። ዕቃው ያለው ከታች፣ አጎቴ ማሳ ድንበር ላይ፣ በእሱ ፈቃድ ነው። ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ማሰሮ ነው፤ ላዩ ላይ በአማርኛ «የጨዋታ ዕቃ ነው፣ አደጋ የለውም» ብዬ ጽፌ የአጎቴን ስልክ አኑሬበታለሁ። ክዳኑ ጥብቅ ይሁን፤ የእኛ ክረምት ደብተር አያስቀርም። መሬት ቆፍሮ መቅበር በጨዋታው ሕግም ክልክል ነው። ምግብም አታስገቢ።

ኢንተርኔት ላይ በምታወጪው ማብራሪያ፣ ቤተክርስቲያኑ ስላለበት ስለ ቦሩ ሜዳ ጻፊ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ሜዳ ነው። ደሴ ያለው ትምህርት ቤት በስማቸው የተሰየመላቸው መምህር አካለወልድም የቦሩ ሥላሴ መምህር ነበሩ። ከሁሉ በላይ ግን የራስሽን አስገቢበት፤ የትኛው ዛፍ ሥር ትቀመጪ እንደነበር፣ እናትሽ በየትኛው በር ይዘውሽ ይገቡ እንደነበር። ሩቅ አገር ሆኖ የሚያነበው ሰው ያንን ሌላ የትም አያገኘውም። ጫማ ማውለቅን፣ ነጠላን፣ በቅዳሴ ሰዓት አለመቁጠርንም ለፈላጊዎቹ ንገሪያቸው።

አንድ የሚከብድሽ ነገር አለ። ድረ ገጹ ላይ ከመውጣቱ በፊት በጎ ፈቃደኛ ገምጋሚ ያየዋል፤ ባለቤቱ ሩቅ ከሆነ በቅርብ የሚንከባከበው ሰው ይጠይቃል። ለዚህ አታስቢ። ለእኔ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ መድረስ ምንም አይደለም፤ እኔ እጠብቅልሻለሁ።

ለገና ከመጣሽ ደግሞ እስከ ጥር 7 ቆዪ፤ የሥላሴ ንግሥ ነው። የዚያን ቀን ሣጥን የሚባል ነገር አታንሺ። ልጆችሽን ይዘሽ ንግሡን አሳዪያቸው፤ ደወሎቹን በማግስቱ አብረን እንቆጥራለን።